ከመጣል በፊት መውደቅ፦ የማርሻል አርት መሠረት የት ላይ ነው?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቶኪዮ 1964» ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስታውሰው አንድ ሰው ነው። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ 40 ቀን ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 21 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ተቀናቃኞቹ ገና ስታዲየም ሳይገቡ እሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ጃፓኖችም ያን ቀን አልረሱትም። እነሱ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የሆነውንም አይረሱም፤ ያኛውን የሚያስታውሱት ቅር እያላቸው ነው።

ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በዚያ ዓመት ነበር። ከአራቱ የወርቅ ሜዳሊያዎች ሦስቱን ጃፓኖች ወስደዋል። የቀረው የክብደት ገደብ የሌለበት ፍልሚያ ነው። ትልቁ ክብርም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጁዶ ለዓለም የገባው ቃል «ብልሃት ያለው ትንሽ ሰው ጉልበተኛውን ይጥላል» የሚል ነበርና። ኦክቶበር 23 ቀን ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ የጃፓኑ አኪዮ ካሚናጋና 1 ሜትር ከ98 የሚረዝመው ሆላንዳዊ አንቶን ጊሲንክ ተፋጠጡ። ጊሲንክ ካሚናጋን መሬት ላይ አጣብቆ ያዘው። 30 ሰከንድ ሞላ፤ አለቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ሰክረው ወደ መፋለሚያው ምንጣፍ ሲሮጡ ጊሲንክ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ተነሣ፣ ልብሱን አስተካከለ፣ ከዚያ ለተሸነፈው ሰው እጅ ነሣ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያች እጅ ነው። ካሚናጋን የጣለው ጡንቻና ቴክኒክ እንደሆነ ግልጽ ነው። ደጋፊዎቹን ያስቆመውስ? እሱም ከሥልጠናው የመጣ ነው ወይስ ሰውዬው ከቤቱ ይዞት የመጣ ጠባይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልጆቻችንን ቴኳንዶና ካራቴ የምናስመዘግበው ግን «ሥነ ሥርዓት ይማራል» ብለን ስለሆነ፣ መልሱ እኛንም ይመለከተናል። የጁዶ ታሪክ ደግሞ ከብዙዎቹ በተሻለ ተመዝግቦ የሚገኝ ስለሆነ መልሱን እዚያ እንፈልገው።

አንድ ቀጭን ተማሪ

ካኖ ጂጎሮ የተወለደው በ1860 ነው። ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል የሾጉኖቹ አገዛዝ ወድቆ የሜይጂ ዘመን ገባ፤ በ1876 ደግሞ ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው አደባባይ እንዳይወጡ ተከለከለ። ካኖ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 የማይበልጥ፣ ቀጭን ግን ጎበዝ ተማሪ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ጉልበተኞች መጫወቻ አደረጉት። ጁጂትሱ ትንሹን ሰው ትልቁን እንዲጥል ያስችላል ሲባል ሰምቶ ነበርና አስተማሪ ፍለጋ ወጣ።

አስተማሪ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ጃፓን ፊቷን ወደ ባቡር፣ ወደ መድፍና ወደ አውሮፓ ትምህርት ስላዞረች ጁጂትሱ የኋላ ቀሮችና የመንደር ጠበኞች ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ከአዋቂዎቹ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በወጌሻነት ነው። ካኖም በመጨረሻ ያገኘው ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የሚባል ወጌሻ ነበር።

የፉኩዳ አስተማሪነት የድሮ ነው። ካኖ እንደተረከው፣ አንድ አጣጣል አይቶ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሩ መልስ በመስጠት ፈንታ ጠርቶ ጣለው። እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ተጣለ። ትምህርቱ በቃል ሳይሆን በሰውነት የሚገባ ነበር። ካኖ ይህን አልናቀም፤ ከሥልጠናው ጉልበቱና ክርኑ ተልጦ፣ ቅባት ተቀብቶ ይመለስ ነበር። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ መተው አልቻለም። ፉኩዳ በ1879 ሲሞት ሌላ መምህር ያዘ፤ ቀጥሎም ወደ ሌላ ጎራ አለፈ። የአንዱን ጎራ ብልሃት ከሌላው እያነጻጸረ፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር መርህ ይፈልግ ጀመር።

በ1882፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አንድ ክፍል ተከራየ። ቦታው 12 የሰሌን ምንጣፎች የሚነጠፉበት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቹ 9 ነበሩ። ስሙን ኮዶካን አለው፤ «መንገዱ የሚጠናበት ቤት» ማለት ነው። ጁጂትሱ የሚለውንም ስም ጁዶ አደረገው። «ጂትሱ» ብልሃት ነው፤ «ዶ» መንገድ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሰውዬው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

ሦስቱ የአካል መሠረቶች

ካኖ የለወጣቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ዛሬም የትኛውም ደህና የማርሻል አርት ቤት የቆመባቸው ሦስቱ ግን እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው መውደቅ ነው። ጃፓኖች «ኡኬሚ» ይሉታል። ጀማሪ ሰውን መጣል ከመማሩ በፊት ራሱ መውደቅን ይማራል፦ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ጭንቅላቱ መሬት እንዳይነካ፤ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ግጭቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ፤ በክንዱ መሬቱን ይመታል፣ ኃይሉ እንዲበተን፤ ትንፋሹን ያወጣል፣ አየር ደረቱ ውስጥ እንዳይታፈን። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የመጣልና የመጣጣል ልምምድ ሁሉ የሚቻለው ይህ ካለ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ካኖ ይህን በቁጥር ያስረዳ ነበር። የባላጋራዬ ጉልበት 10፣ የእኔ 7 ነው እንበል። ሲገፋኝ ብቋቋመው እሸነፋለሁ። በገፋኝ ልክ ወደ ኋላ ብል ግን የሚደገፍበትን ያጣና ወደ ፊት ያዘነብላል። ሚዛኑን በሳተባት ቅጽበት ጉልበቱ 3 ብቻ ሆነ ብንል፣ የእኔ 7 ከበቂ በላይ ነው፤ ግማሹም ይበቃል። ሰው ከመጣሉ በፊት ሚዛኑ መፍረስ አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛው ነፃ ልምምድ ነው፤ «ራንዶሪ» ይባላል። በድሮዎቹ ቤቶች ብዙው ሥልጠና አስቀድሞ የተወሰነ ቅርጽ ነበረው፦ አንተ እንዲህ ትይዘኛለህ፣ እኔ እንዲህ እጥልሃለሁ። ካኖ ቅርጹን አልጣለውም፤ ሰው ሊገድሉ የሚችሉትን ምቶችና ስብራቶች እዚያው ውስጥ አቆያቸው። በነፃው ልምምድ ግን አደገኞቹን አስወጥቶ ሰልጣኞች እርስ በርስ በሙሉ ኃይላቸው እንዲፈታተኑ አደረገ። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ አደገኛውን ሲያስቀር ሥልጠናው ይበልጥ እውነተኛ ሆነ። ምክንያቱም እምቢ የሚል ሰው ላይ ያልተሞከረ ብልሃት ብልሃት መሆኑ አይታወቅም።

አእምሮው የት ገባ?

ብዙ ሰው የማርሻል አርትን «አእምሯዊ ጎን» ሲያስብ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥና ጥልቅ አባባሎች ይመጡለታል። የካኖ ሐሳብ ግን ወደ መሬት የቀረበ ነው፤ ቃል በቃል።

መውደቅን የሚፈራ ሰው ይደርቃል። ክንዱን ይቆልፋል፣ ትከሻውን ያነሣል፣ ትንፋሹን ይይዛል። የደረቀ ሰው ደግሞ እንደ በር ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትነካው መላው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ለመጣል ከሁሉ የቀለለው የሚፈራው ነው። በተቃራኒው 1000 ጊዜ ወድቆ 1000 ጊዜ በጤና የተነሣ ሰው መውደቅ ሞት እንዳልሆነ ሰውነቱ ያውቀዋል። አይደርቅም፤ ዓይኑም አይፈዝም። ፍርሃቱን ያስወገደለት ምክር አይደለም፤ የአወዳደቅ ልምምዱ ነው። አካልና አእምሮ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሐሳብ ከካኖ በፊትም የነበረ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታኩዋን የሚባል የዜን መነኩሴ ለሰይፍ መምህሩ ለያግዩ ሙኔኖሪ የጻፈው ነገር አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አእምሮህ በባላጋራህ ሰይፍ ላይ ከቆመ በሰይፉ ተይዘሃል፤ በራስህ ሰይፍ ላይ ከቆመም በራስህ ተይዘሃል፤ የትም አይቁም። ካኖ ይህን ከመነኩሴ ክፍል አውጥቶ ማንም የ12 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የሚለማመደው ነገር አደረገው።

ሁለተኛው የአእምሮ መሠረት ባልደረባ ነው። ጁዶን ብቻህን መማር አትችልም። ዛሬ እኔን እንድትጥል ሰውነቴን አውስሼሃለሁ፤ ነገ አንተ ታውሰኛለህ። ብትጎዳኝ ነገ የምትለማመድበት ሰው የለህም። ካኖ በ1922 ትምህርቱን በሁለት መርሆች ሲያጠቃልል አንደኛው «ጉልበትን ለበጎ በብቃት መጠቀም»፣ ሁለተኛው «እኔም አንተም አብረን እንደግ» የሚል ነበር። ሁለተኛው የስብከት ማሳረጊያ ይመስላል። የሥልጠናው የዕለት ተዕለት አሠራር ግን ራሱ ይህ ነው። እጅ መንሣትም ከዚህ የመጣ ነው፦ ሰውነትህን ስላዋስከኝ አመሰግናለሁ።

የጊሲንክ እጅ የተዘረጋችው እዚህ መሠረት ላይ ቆማ ነው ብል አላጋነንኩም።

መሠረቱ ሲናድ

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ የማነቃቂያ ጽሑፍ በሆነ ነበር። ታሪኩ ግን አያቆምም።

ካኖ ዋና ሙያው መምህርነት ነበር። የቶኪዮ ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛን ከ20 ዓመት በላይ መርቷል። ለቻይና ተማሪዎች ኮቡን ጋኩዪን የተባለ ትምህርት ቤት ከፍቶ በሺዎች አስተምሯል፤ ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን ከእነሱ አንዱ ነበር። በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። ሕልሙ ጁዶ የትምህርት ሥርዓት አካል እንዲሆን ነበር። በ1911 መንግሥት ጁዶና የሰይፍ ስፖርቱ ኬንዶ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምርጫ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ በ1931 ደግሞ ግዴታ አደረጋቸው።

ሕልሙ ተሳካ ማለት ነው? አዎ፤ መንግሥቱ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። በ1931 የጃፓን ጦር ማንቹሪያን ያዘ፤ በ1937 ቻይናን በሙሉ ኃይሉ ወረረ። የቻይና ልጆችን ያስተማረው ሰውዬ አገር ቻይናን ታቃጥል ጀመር። ካኖ ግንቦት 1938 ከካይሮ የኦሊምፒክ ስብሰባ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። ከሞተ በኋላ ያ የ12 ምንጣፍ ልምምድ የወታደር ማዘጋጃ ሆነ። «አብረን እንደግ» የሚለው ቀርቶ «ለንጉሠ ነገሥቱ ሙት» የሚለው ቦታውን ያዘ። ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ማርሻል አርት ከትምህርት ቤቶች ተከለከለ፤ ጁዶ የተመለሰው በ1950 ነው።

ልብ በሉ፤ አወዳደቁ አልተለወጠም። የሚዛን ሕጉ ያው ነው። እጅ መንሣቱም ያው ነው። የተለወጠው ዓላማው ብቻ ነበር። ልምምዱ ፍርሃትን ያስወግዳል ብያለሁ፤ ፍርሃት የሌለው ወጣት ግን ለማንም ጥሩ ዕቃ ነው፦ ለአገሩ ሰላምም፣ ለጦር አበጋዝም።

ሁለተኛው መናድ የቅርብ ጊዜ ነው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ከ1983 ወዲህ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ከ100 በላይ ልጆች በጁዶ ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ነው፤ ብዙዎቹም ጀማሪዎች ነበሩ። ማለትም መውደቅን ገና ያልተማሩ ልጆች በትልልቆች ተጣሉ ማለት ነው። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጡት ወላጆች ናቸው፤ በ2010 የተጎጂዎች ማኅበር አቋቋሙ። ፈረንሳይ ከጃፓን የሚበልጡ የተመዘገቡ የጁዶ ሰልጣኞች አሏት፤ እንዲህ ያለ የሞት ታሪክ ግን የላትም። አንዱ ልዩነት ይህ ነው፦ ፈረንሳይ ከ1955 ጀምሮ ጁዶ የሚያስተምር ሰው በመንግሥት የታወቀ የመምህርነት ማረጋገጫ እንዲኖረው በሕግ ደንግጋለች። ጥቁር ቀበቶ ብቻውን የማስተማር ፈቃድ አይሆንም።

በ2013 ደግሞ የጃፓን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን 15 ተወዳዳሪዎች አሠልጣኛቸው በጥፊና በቀርከሃ ሰይፍ ይመታቸው እንደነበር ያቀረቡት ክስ ይፋ ወጣ። አሠልጣኙ ለቀቀ። ጁዶ በተወለደበት አገር፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ «አብረን እንደግ» የሚለው መርህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ዜና የምትከታተሉ ታስታውሱታላችሁ። ቭላድሚር ፑቲን ከልጅነቱ ጀምሮ ጁዶ የሠራ ሰው ነው። በ2000 ኮዶካንን ሲጎበኝ አንዲት ታዳጊ ልጅ ስትጥለው በፈቃዱ ወድቆላት ፎቶው ዓለምን ዞረ። የካቲት 2022 ጦሩ ዩክሬን ሲገባ ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን የክብር ፕሬዚዳንትነቱን አገደ፤ የዓለም ቴኳንዶም የሰጠውን የክብር ጥቁር ቀበቶ ነጠቀ። ጥሩ እርምጃ ነው። ጥያቄው ግን ቀበቶው መጀመሪያውኑ ስለ ሰውዬው ምን ይነግረን ነበር የሚለው ነው።

እንግዲህ እኛስ?

«ሥልጠና ሰውን ጨዋ ያደርጋል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሥልጠና ሰውን የማይፈራ፣ ታጋሽና ሥርዓት የሚያከብር ያደርጋል። የማን ሥርዓት? ያንን የሚወስነው አሠልጣኙና ቤቱ ነው። ካኖ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው የአካል ማጎልመሻውን፣ የፍልሚያውንና የግብረ ገቡን ትምህርት ሦስት የተለያዩ ዓላማዎች አድርጎ የቆጠራቸው። አንዱ ሌላውን በራሱ ይወልዳል ቢል ኖሮ ሦስት ብሎ መቁጠር ባላስፈለገው።

«ያለ መከራ ጠንካራ ሰው አይወጣም፤ ዱላ ያልቀመሰ አይሠለጥንም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ ካኖ ራሱ ቆዳው ተልጦ ነው የተማረው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፉኩዳ ካኖን ሲጥለው እያስተማረው ነበር፤ ተማሪውም መውደቅ ያውቅ ነበር፤ በማግሥቱም ወዶ ይመለስ ነበር። ፍርሃትን ለማስወገድ የተሠራን ቤት ፍርሃት መትከያ ማድረግ ግን ሥልጠና አይባልም። የተፈራ ልጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ልጅ ደግሞ በቴክኒክም አያድግም። ስለዚህ ዱላው በግብረ ገብ ብቻ ሳይሆን በስፖርቱም ስሌት ኪሳራ ነው።

በከተሞቻችን የቴኳንዶ፣ የካራቴና የውሹ ክለቦች በየሠፈሩ አሉ። በወጣት ማዕከል፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በኪራይ አዳራሽ፤ ቅዳሜና እሑድ ነጭ ልብስ የለበሱ ልጆች ተሰልፈው ታያላችሁ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን በቴኳንዶ ወክሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ዘመን አንድ ወጣት ከሱስና ከሥራ ፈትነት ወጥቶ የሚገባበት በር ሆኖ ያገለገለ ነገር ሲነቀፍ መስማት አልፈልግም። ይልቅ እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ። በአንጻሩ ጠንካራና የማይፈሩ ወጣቶችን ሰብስቦ ለራሱ ጉዳይ ማሰለፍ የሚፈልግ እጅ በየዘመኑ እንደሚኖር የጃፓን ታሪክ አሳይቶናል። እኛም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለንም።

ስለዚህ ልጁን ወይም ልጅቷን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ የግድግዳውን ሜዳሊያ ቆጥሮ ባይመለስ ጥሩ ነው። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሦስት ነገር ይይ። አንደኛ፣ ጀማሪዎቹ መውደቅና ራሳቸውን መጠበቅ በደንብ ይማራሉ ወይስ በመጀመሪያው ሳምንት ፍልሚያ ይገባሉ? ሁለተኛ፣ ከሁሉም ትንሹና ደካማው ልጅ ምን ይደረጋል፦ ጠንካራው ይረዳዋል ወይስ ይለማመድበታል? ሦስተኛ፣ አሠልጣኙ ሲሳሳት ሰልጣኝ ሊጠይቀው ይችላል ወይስ ጥያቄ እንደ ድፍረት ይቆጠራል?

ለሦስቱም መልሱ ደህና ከሆነ ቀበቶው ምንም ቀለም ይኑረው ልጁን አስመዝግቡት። ካልሆነ የአሠልጣኙ ጥቁር ቀበቶ አያታልላችሁ። ልጁ እዚያ ቤት ሰው መጣልን ይማር ይሆናል፤ የወደቀውን ማንሣት ግን አይማርም።